የሎማ ሶላው በረኛ ሱሪ

ወደ ታችኛው ምድብ በመውረዱ ከበሮ ያስመታ ክለብ ቢኖር የፓሶ ዴል ሳውሴዎቹ ሐምራዊዎች ብቻ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፉ ከርመው፣ በመጨረሻው እሁድ ስድስት ለባዶ ተቀጥተው ከአንደኛ ምድብ ሲባረሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደየቤታቸው ይበተናሉ ሲባል በትራክተር ጋሪ ላይ ተጭነው ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞሩ። አሠልጣኙ ዋልዴማር እንጀራው ዳቦ መጋገር ስለሆነ፣ በክሬም "እንኳን ወረድን" ብሎ የጻፈበት ኬክ ይዞ መጣ። ለውጭ ሰው እብደት ይመስላል እንጂ ለእነሱ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከላይ ያሉት ክለቦች ሁሉ እንደሚበልጧቸው በዓይናቸው አይተዋል፤ ከታች ያሉትን ግን ገና አላዩም፤ ስላላዩም በሐሳባቸው ሁሉንም ያሸንፉ ነበር።

ከኬኩ ትልቁን ቁራጭ የወሰደችው ኔልባ ፒንቶስ ናት። ማንም አልተቃወመም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክለቡን ማሊያ ያጠበች እሷ ነች። ሥራውንም ቢሆን ማንም ለምኗት አልጀመረችውም። ባሏ ኤቫሪስቶ የሐምራዊዎቹ ተከላካይ ነበር። አንድ ሰኞ "ዋና ከተማ ደርሼ ለእሁዱ ጨዋታ እመለሳለሁ" ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረና በዚያው ቀለጠ። ማሊያው ሳፋ ውስጥ እንደተነከረ ቀረ። ኔልባ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን ማሊያው መሽተት ሲጀምር እንባዋን ጠርጋ አጠበችው። ልትመልስ ወደ ክለቡ ስትሄድ የቀሩት አሥሩ ከነጭቃቸው ጥግ ላይ ተከምረው አገኘቻቸው። "እስቲ እነዚህንም" አለች። ኤቫሪስቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ማሊያዎቹ ግን በየሰኞው ይመጡላት ጀመር።

የምታሰጣው ከክለቡ ቤት ጀርባ፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ ነው። መንገዱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የተሰለፉትን ሐምራዊ ማሊያዎች ነው። በዚህ ጉዳይ ከእህቷ ከኢልዳ ጋር ስትጨቃጨቅ ኖራለች። ኢልዳ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል፣ አገር ሁሉ ልብስ የሚያሰጣው ገልብጦ ነው ትላታለች። ኔልባ ደግሞ አንደኛ የዛፉ ጥላ አለኝ፣ ሁለተኛ እሁድ የተሸነፈ ቡድን ሰኞ እንኳን ፊቱን ማሳየት አለበት ብላ ትመልሳለች። ማሊያ ገልብጣ አስጥታ አታውቅም።

የፈንጠዝያው ሳምንት ሳያልቅ የክለቡ ሊቀ መንበር ዶን አልሲዴስ ስብሰባ ጠሩ። ዶን አልሲዴስ የከተማዋ መድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሲናገሩም መድኃኒት እንደሚያዝዙ ቆጥበው ነው። የክለቡን ቤት ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ላይ ተሸነፍን፣ ይሁን" አሉ። "ታችም የመጀመሪያውን ጨዋታ ከተሸነፍን ግን ይህን ቁልፍ ለባቡሮቹ አስረክባለሁ። ሜዳውንም፣ ስሙንም።"

ባቡሮቹ የሚባሉት ከሐዲዱ ማዶ ያለው፣ አረንጓዴ የሚለብሰው የዚያችው ከተማ ክለብ ነው። አንደኛ ምድብ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም አለው። ተጫዋቾቹ ሊቀ መንበሩ የቀለዱ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ጥግ ላይ ካውያ ይዛ የቆመችው ኔልባ ግን የሰውየውን ፊት እያየች ነበርና አልሳቀችም። ሐምራዊዎቹ ማሊያዎች በካርቶን ታሽገው መደርደሪያ ላይ ሲወጡ ታያት። ሰኞ ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት እንደማይኖራትም ታያት።

ስለ አዲሶቹ ተጋጣሚዎች ለመምከር የተሰበሰቡት በማግስቱ ነው። ዝናብ ስለነበር ዋልዴማር በዘይት የተጠበሰ ቂጣ አምጥቷል፤ ማቴ የሚሉት የቅጠል ሻይም በአንድ ቅል፣ በአንድ የብረት ቀሰም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋልዴማር የሁለተኛ ምድቡን ሰባት ክለቦች በዳቦ ቁራሽ እየመሰለ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ከዚያም የሚያውቅ ይናገር አለ። ሁሉም ያውቅ ነበር። አንዱ የላስ ፓልማስ ልጆች በሙሉ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው፣ ባለፈው ክርስትና ላይ ስለተጣሉ ኳስ አይቀባበሉም አለ። ሌላው የፖርቬኒር አጥቂ ለሠርጉ በገዛው ጫማ ነው የሚጫወተው ብሎ ማለ። ዘጠኝ ቁጥሩ ኤበር፣ የትራክተር ሾፌሩ፣ እያወራ ከዳቦዎቹ አንዱን በላውና ሁለተኛ ምድብ በስድስት ክለብ ቀረ። ሁሉም እኩል እያወራ እኩል ይስቃል።

"እናንተ ስለ ሰው ተጫዋች ምን ታውቃላችሁ? የራሳችሁንም አታውቁ" አለች ኔልባ፣ ካውያዋን ሳታስቀምጥ።

"እሺ፣ አሠልጣኟ፣ አንቺ ንገሪን እንግዲህ" አለ ዋልዴማር።

ነገረቻቸው። ሁለት ቁጥሩ የሚቆሽሸው ጀርባው ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ዘግይቶ እየደረሰ ተንጋሎ ነው የሚወድቀው አለች። ኤበር ጨዋታ ሊጀመር ሲል ቋሊማ በዳቦ ይበላል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቅባት የላብ አይደለም አለች። ኤበር አልበላም ብሎ ሊምል እጁን ሲያነሳ የቂጣው ዘይት በክርኑ ወረደ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ስድስት ቁጥሩ ወደ ኔሪ አዞረች። ኔሪ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ መሆኑንም ያውቃል።

"እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ፣ ዶኛ ኔልባ?"

"ምንም። የአንተን ማሊያ በአራት ዓመት ውስጥ አንዴም ሳሙና አስነክቼው አላውቅም፣ ልጄ። አራግፌ ነው የምሰቅለው።"

ሳቁ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያነሳው መሰለ። ኔሪ ራሱ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ዋልዴማር ብቻ ሳቁን አቆመ። አራት ዓመት ሲያሠለጥን ያላየውን ይቺ ሴት ከሳፋ ውስጥ አይታዋለች። የቀሩትን ዳቦዎች ወደ እሷ ገፋቸው።

"የእነዚህስ ልብስ የሚታጠበው መቼ ነው?" አላት።

እንዲህ ሆኖ ኔልባ ሰላይ ሆነች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሐሳቧን የጠየቃት አልነበረም፤ አሁን ግን ዋልዴማር በየማለዳው ትኩስ ብስኩት በሯ ላይ ይተውላታል፣ ተጫዋቾቹም የሽቦው ሥር ተሰልፈው ወሬዋን ይጠብቃሉ። ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የራሷን የዓይን መነጽር አውልቃ ከኢልዳ ትልልቅ ጥቁር መነጽር ተዋሰች፤ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ ለመምሰልም በባዶ ዘንቢል ላይ ፎጣ ሸፍና አውቶቡስ ተሳፈረች። በዚያ መነጽር እንኳን ሰላይ ልትመስል ይቅርና ሾፌሩ ዓይኗን የታመመች መስሎት የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀላት።

ይዛ የምትመጣው ወሬ ግን ወሬ ነበር። ላስ ፓልማስ ሽቦ ላይ ዘጠኝ ማሊያ ብቻ ቆጠረች፤ ሁለቱ ኩርፊያቸው ጠንቶ ቤታቸው እያሳጠቡ ነው። ፖርቬኒር ማሊያዎቹ መሐል የጉልበት ፋሻና የወገብ መቀነት ተሰጥቶ አየች፤ እነዚህ ከእረፍት በኋላ አይሮጡም አለች። ከሌላው መንደር አንገትጌያቸው ላይ የላብ ጨው የሠራባቸውን ማሊያዎች አይታ መጣችና "እነዚህን ፍሯቸው" ስትል፣ ኤበር እዚያው ቆሞ ቋሊማ ለመተው ተሳለ። ስለቱ እስከ ሐሙስ ቆየ።

የቀረው ዋናው ነበር፤ የመጀመሪያው ተጋጣሚ፣ ኮከብ የሚባለው የሎማ ሶላ ክለብ። ሎማ ሶላ ዛፍ የሌለበት ቀይ ኮረብታ ነው። አውቶቡሱ ከሜዳው ፊት ለፊት የዶሮ መኖ ለማራገፍ አራት ደቂቃ ብቻ ይቆማል፤ የልብሱ ሽቦ ደግሞ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ነው። ኔልባ በአቧራው መሐል፣ በኢልዳ ጥቁር መነጽር ውስጥ፣ አንገቷን አስግጋ የበረኛውን ረጅም ሱሪ አገኘችው። አመድማ ነው። የግራ ዳሌው ላይ፣ ከብዙ እጥበት በኋላም አልለቅ ያለ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቀይ አፈር እድፍ አለ። የቀኙ ዳሌ ንጹሕ ነው። እንዳትሳሳት እጇን በራሷ ዳሌ ላይ እያደረገች ግራና ቀኙን ሦስት ጊዜ ለካች።

"የሚወድቀው በግራው ብቻ ነው" አለቻቸው ስትመለስ። "በቀኙ መውደቅ አያውቅም። ወደ በረኛው ቀኝ ምቱ፣ ሌላ ምንም አትጨነቁ።"

ፓሶ ዴል ሳውሴ ጮቤ ረገጠች። ዋልዴማር በረኛው በስተቀኙ በሚያገኘው ቋሚ ላይ ነጭ ጨርቅ አሠረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹ ወደዚያ ብቻ ሲመቱ ዋሉ። ኤበር በሕልሙም ይመታ ነበር መሰለኝ፣ ሚስቱ ጀርባዬን ፈጀው ብላ ለኔልባ ስሞታ አመጣች።

እሁድ መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ላቁጧል። የባቡሮቹ ሊቀ መንበር አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ፣ የራሱን ወንበር ይዞ፣ ከዶን አልሲዴስ ጎን ተደላድሎ ተቀመጠ። ዶን አልሲዴስ ቁልፎቹን በእጃቸው ይዘዋል። ኔልባ እንደ ወትሮው ከቧንቧው አጠገብ፣ ባልዲና ፎጣዋን ይዛ ቆመች፤ የራሷን መነጽር አድርጋለች። ስለ በረኛው ሱሪ የማያውቅ የከተማ ሰው ስላልነበረ፣ የሎማ ሶላው በረኛ ገና ሲገባ ሰዉ እያየው ይስቃል። ረጅም፣ ደግ ፊት ያለው ልጅ ነው፤ ለምን እንደሚስቁበት ስላልገባው እሱም ፈገግ አለ።

የመጀመሪያውን ምት ኤበር አክርሮ ወደ በረኛው ቀኝ ላከው። በረኛው በቀኙ ተወርውሮ ያዘው። አጋጣሚ ነው ተባለ። ሁለተኛውንም በቀኙ ያዘ። አምስተኛውን በቀኙ ሲያወጣ ሳቁ ከሜዳው ጠፋ። ሐምራዊዎቹ ግን ንቅንቅ የለም፤ ኔልባ ብላለች፣ አለቀ። ግራው ወለል ብሎ ክፍት ሆኖ ሳለ ኳሷን ዞረው ዞረው ወደ ቀኙ ይልኳታል። ዓይናቸው ሌላ እያሳያቸው እንኳን ከእሷ ቃል የሚወጣ ጠፋ። እነሱ በዚህ ሲደክሙ ሎማ ሶላዎች በመልስ ሮጠው አንድ አገቡ። ዶን አልሲዴስ ከጎናቸው ላለው ሰውዬ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት ማሳየት ጀመሩ።

ኔልባ በመጀመሪያ በረኛው ሱሪ ቀይሯል ብላ ነበር። የእረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ልጁ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቧንቧው መጣና ከፊቷ ጎንበስ አለ። የቀኝ ዳሌው ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ ከጭቃው ሥር ያ የመዳፍ ያህል አሮጌ እድፍ ይታያል። ሱሪው ያው ሱሪ ነው። ግን ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው፤ እሷ ያየችው አመድማ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ ውጩና ውስጡ አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማጠብ አያስፈልግም።

"ልጄ፣ ይህን ልብስ ማነው የሚያጥብልህ?"

"አክስቴ ዙልማ ናት፣ ሴንዮራ።"

"ገልብጣ ነው የምታሰጣው?"

ልጁ ግር ብሎት አያት። "አዎ፤ እኛ ዘንድ ፀሐዩ ቀለም ይጨርሳል" አላት። ጠጥቶም አመስግኗት ሄደ።

ኔልባ በዚያች ደቂቃ ኢልዳን ጠላቻት። ከዚያ ራሷን ጠላች። ከአውቶቡሱ መስኮት ያየችው የተገለበጠ ሱሪ ነበር፤ ግራ ያለችው ቀኝ ኖሯል። መልበሻ ክፍሉ አሥር እርምጃ ነው። በእረፍት ሰዓት ገብታ አታውቅም፤ የወንዶች ቦታ ነው፣ የንግግር ሰዓት ነው። ገብታ ብትናገር ገና የአንድ ወር ዕድሜ ያለው ክብሯ በሰው ፊት አፈር ይበላል። ባትናገር ቁልፉ ይሄዳል። ባልዲዋን አስቀመጠችና በሩን ገፋችው።

ውስጥ ዋልዴማር ደም ሥሩ ተገታትሮ ይጮኻል። "ወደ ቀኙ ነው! ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ቀኙ!" ልጆቹም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

"ተሳስቻለሁ" አለች ኔልባ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

"ሱሪው ተገልብጦ ነው የተሰጣው። እኔ ገልብጬ ስለማላሰጣ አልታየኝም። የሚወድቀው በቀኙ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእናንተ አይደለም።"

ኤበር፣ እንደሚናዘዝ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እኔማ ከሁለተኛው ምት ጀምሮ አይቼ ነበር፣ ዶኛ ኔልባ" አለ። "ግን እርስዎ ብለዋል ብዬ ነው።" ሌላውም እኔም አየሁ አለ፤ ሌላውም። ሁሉም አይተዋል። አሥራ አንድ ሰው አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ በገዛ ዓይኑ ሳይሆን በእሷ ዓይን ሲጫወት ነበር። ኔልባ ልታለቅስ ስትል ሳቋ ቀደማት፤ ሳቋ ወደ ልጆቹ ተጋባ፣ ከልጆቹ ወደ ዋልዴማር። ዳኛው በሩን አንኳኩቶ ሲከፍት አንድ ለባዶ የተመራ ቡድን ሳይሆን ሠርግ ቤት የገባ መሰለው።

ከእረፍት መልስ ኤበር የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ በረኛው ግራ ሲልካት ልጁ ቆሞ ሸኛት። አንድ ለአንድ። ከዚያ በኋላ ሎማ ሶላዎች ነቁና ተከላካዮቻቸውን በሙሉ በዚያ ጎን ደረደሩ። ደቂቃው እየነጎደ ሄደ። ዶን አልሲዴስ ቆመዋል። እኩል ለእኩል ቢወጡ ቁልፉ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቃቸውም ነበርና ኔልባ ፊታቸውን ለማንበብ ሞከረች፤ አልተነበበም።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኤበር የመታው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ በበረኛው በስተግራ፣ ከመስመሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጭቃው ላይ ቆመ። በአቅራቢያው የነበረው ሐምራዊ ኔሪ ብቻ ነው። ኔልባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ኔሪን ታውቀዋለች። ስትከፍት ኔሪ በደረቱ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲንሸራተት ደረሰች። በእግሩ ይሁን በሆዱ፣ በምኑ እንደነካው እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ኳሷና ኔሪ አንድ ላይ መረቡ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያስታውስ የለም፤ ያስታወሱ ሰዎችም እየተጣሉ ነው የሚያወሩት። የባቡሮቹ ሊቀ መንበር ወንበሩን አጥፎ በጊዜ ወጥቷል። ዋልዴማር ዳኛውን ሳመው። ዶን አልሲዴስ ቁልፎቹን ኪሳቸው ከተቱና መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ሰኞ ጠዋት ኔልባ ሽቦዋ ዘንድ ስትደርስ ዶን አልሲዴስ ቀድመዋት ባሕር ዛፉን ተደግፈው ቆመዋል።

"የሚቀጥለው ፖርቬኒር ነው" አሏት። "መቼ ነው የሚያጥቡት?"

"ማክሰኞ፣ ዶን አልሲዴስ። የሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይደርሳል።"

"መድኃኒት ቤቱን ሚስቴ ትከፍታለች። እኔም እመጣለሁ" አሉ። ከዛፉ ቀና ብለውም "አንቺ ግን የራስሽን መነጽር አድርጊ" ብለው ሄዱ።

ኔልባ እየሳቀች ሳፋዋን አወረደች። የኔሪን ማሊያ ለመጨረሻ አቆየችው። አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረሰችበት፣ ሁለተኛውን ጀመረች፣ አሸችው፣ ዘፈዘፈችው፣ እንደገና አሸችው፤ ደረቱ ላይ ያለው ጭቃ አለቅም አለ። ያኔ ተወችው። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። በዚህ መንገድ የሚያልፈው አውቶቡስ የየትኛውን ክለብ ሰላይ ሴት ይዞ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ማሊያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ፣ ቁጥራቸውን ሸሽጋ አሰጣቻቸው። ስድስት ቁጥሩን ብቻ አልገለበጠችውም። ከሁሉም ፊት፣ ከመንገዱ በኩል፣ እድፉን ወደ ውጭ አድርጋ ሰቀለችው።